ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ በሐሳቤ ስለፈጠርኳት ሴት ላወራችሁ ነው። ዘመኑ 2040ዎቹ፣ አገሩ አሜሪካ። ዴሞክራትም ሪፐብሊካንም ያልሆነች ፖለቲከኛ። ስም አላወጣሁላትም። ግን ከየት ትጀምራለች የሚለው ነገር ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሦስተኛ ፓርቲ ሲባል ሁሉም ዓይኑን ዋይት ሐውስ ላይ ነው የሚተክለው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሮስ ፔሮን አስታውሱት። በ1992 በግሉ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ይሄ ቢሊየነር በራሱ ገንዘብ የቴሌቪዥን ሰዓት እየገዛ፣ ቻርት ዘርግቶ በእንጨት እየጠቆመ፣ የአገሩን ዕዳ ለሕዝብ ያስረዳ ነበር። ወደ 19 በመቶ ድምፅ አገኘ። ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ ከሚመርጠው፣ ድምፁ በየግዛቱ ከተከፋፈለው ኤሌክቶራል ኮሌጅ ግን አንድም ጠብ አላለለትም። በአብዛኞቹ ግዛቶች አንደኛ የወጣው ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳላ!

ስለዚህ የኔዋ ሴት ከከተማ ነው የምትጀምረው። ከሁለቱም ፓርቲ ያልሆነው ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በትንሽ ፓርቲ ስም ቨርሞንት ውስጥ አራት ጊዜ ተወዳድሮ አራቴም ተሸንፏል። በ1981 ግን በግሉ ቀርቦ የበርሊንግተን ከንቲባ ሆነ። በስንት ድምፅ ብልጫ? በ10! ኮንግረስ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጄሲ ቬንቹራም በ1998 ፔሮ በመሠረተው በሪፎርም ፓርቲ የሚኒሶታ ገዥ ከመሆኑ በፊት የብሩክሊን ፓርክ ከንቲባ ነበር።

በር እያንኳኳች ስትዞር የምትሰማው መልስ ይታየኛል። «እኔ አንቺን እወድሻለሁ፤ ግን ድምፄን አላባክንም።» ሰውየው እውነቱን ነው። በ2000 የፕሬዚዳንት ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዴሞክራቱን አል ጎርን ያሸነፈው በ537 ድምፅ ነው። የግሪን ፓርቲው ተወዳዳሪ ራልፍ ኔደር እዚያው ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ ወስዶ ነበር። የኛን ድምፅ ነው የወሰደው ብለው ዴሞክራቶች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም።

ይሄን ፍርሃት የሚያቀለው ሜይንና አላስካ የጀመሩት በደረጃ መምረጥ ነው ብዬ አምናለሁ። መራጩ የሚወዳትን አንደኛ፣ ቢመረጥ የማይጠላውን ሁለተኛ ብሎ ይሞላል። እሷ ከወደቀች ወረቀቱ አይጣልም፤ ለሁለተኛው ይቆጠራል። አሠራሩ ወደ ሌሎች ግዛቶች ካልተስፋፋ ግን የሷም ጉዞ ከከተማ አያልፍም ባይ ነኝ።

እሺ፣ አሸነፈች እንበል። ሴኔት ገባች። ከባዱ ነገር እንዲያውም ያኔ ነው የሚመጣው። የኮሚቴ ወንበር የሚያከፋፍሉት ሁለቱ ፓርቲዎች ናቸው። ብቻዋን ከቆመች ሕግ የሚረቀቅበት ክፍል ውስጥ ቦታ አይኖራትም። ሳንደርስና እንደሱው በግል የተመረጠው የሜይኑ ሴናተር አንገስ ኪንግ ከዴሞክራቶች ጎን የተሰለፉት ለዚህም ጭምር ነው። «ከዳችን» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ብትሰለፍ አልፈርድባትም። ከማን ጋር እንደምትሰለፍ፣ በምን በምን ጉዳይ ደግሞ እንደማትከተላቸው፣ ገና ከምርጫው በፊት በር ላይ ቆማ ለዚያ ሰውዬ ትንገረው።