ከሁሉ በፊት ውሃው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ በባዮቴክኖሎጂ ላብ ውስጥ ሚዲያን፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያድግበትን ምግብ፣ እና ሶሉሽንን፣ ማለትም ነገር የሟሟበትን ፈሳሽ፣ ማዘጋጀትን ስለመማር ነው።

ባዮቴክኖሎጂ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ዲኤንኤን ነው። ጂን መቁረጥን፣ ጂን መቀጠልን ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ሚዛን ፊት ቆሞ ጨው መዝኗል። ባክቴሪያው የሚመገበውን ሚዲያ ሠርቷል። ዲኤንኤው የሚቀመጥበትን ባፈር፣ ማለትም አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ ሶሉሽን፣ አዘጋጅቷል። የዚያ ሰው ሥራ ልክ ካልሆነ ከሱ ቀጥሎ የሚሠራው ሁሉ ይበላሻል። ክፋቱ ደግሞ ስህተቱ ወዲያው አይታይም። ውሃ የመሰለ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጉዳቱ የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ በሌላ ሰው ሙከራ ላይ ነው። ለዚህ ነው ይህን ሥራ እንደ ተራ የጀማሪ ሥራ ሲያዩት ቅር የሚለኝ።

ቀመሩ ወረቀት ላይ ሲታይ በጣም አጭር ነው። ኤልቢ የሚባለውን ሚዲያ እንውሰድ። ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ለማሳደግ በየላቡ የሚሠራበት ነው። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ጁሴፔ ቤርታኒ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቀመር ለ1 ሊትር 10 ግራም ትሪፕቶን (የተሰባበረ ፕሮቲን)፣ 5 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት እና 10 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ (የገበታ ጨው) ይላል። ጠጣር እንዲሆን ከፈለጋችሁ 15 ግራም አጋር፣ ከባሕር አረም የሚገኝ ማጠንከሪያ፣ ትጨምራላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወረቀቱ የማይነግራችሁ ግን ብዙ ነው። የቱ ይቀድማል? ምን ያህል ይሙቅ? መቼ ይጨመር? ለምን? እኔ ሥራውን ስማር አብዛኛው ትምህርት የነበረው እዚህ ላይ ነው። ግራሙን ማንም ሰው ከወረቀት ያነባል። ቅደም ተከተሉን ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ከውሃው እንጀምር። «1 ሊትር ሶሉሽን» ማለት 1 ሊትር ውሃ ላይ ዱቄቱን ጨምሩ ማለት አይደለም። ዱቄቱም ሲሟሟ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ መጀመሪያ 800 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይቀዳል። ዱቄቱ ይሟሟል፣ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ (ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል)፣ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ነው በመለኪያ ሲሊንደር ውሃ እየተጨመረ 1 ሊትር የሚሞላው። ዱቄቱ ትንሽ ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ሊሆን ይችላል። 50 እጥፍ የተጠናከረ ቲኤኢ የሚባለውን ባፈር ስትሠሩ ግን ለ1 ሊትር 242 ግራም ትሪስ የሚባል የባፈር ዱቄት ነው የምትመዝኑት። ያ ሁሉ ዱቄት ሙሉ ሊትር ውሃ ላይ ቢገለበጥ ከሊትር በላይ ነው የሚሆነው፤ ባፈሩም ቀጠነ ማለት ነው።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብም የዚሁ አካል ነው። ካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ያልያዘም አለ፣ ሁለት የውሃ ሞለኪውል የያዘም አለ። የመጀመሪያው አንድ ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ ነው) 111 ግራም ይመዝናል፣ ሁለተኛው 147። ቀመሩ የተጻፈው ለመጀመሪያው ሆኖ እጃችሁ ላይ ያለው ሁለተኛው ከሆነ፣ 111 ግራም ብትመዝኑ ከሚፈለገው ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ሶሉሽኑን በዓይን ብታዩት ደግሞ ምንም አይለይም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ኢዲቲኤ፣ የብረት አዮኖችን የሚይዝ ኬሚካል። ላብ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 0.5 ሞላር (በሊትር 0.5 ሞል)፣ ፒኤች 8.0 ለማዘጋጀት ለ1 ሊትር 186.1 ግራም የዳይሶዲየሙን ጨው ትመዝናላችሁ። ውሃ ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ማማሰያው ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፤ ዱቄቱ ግን ወተት መስሎ ይቀራል። ጀማሪ ሰው ውሃ አንሶት ይሆናል ብሎ ያስባል። ወይም ማሞቅ ያምረዋል። መፍትሔው ሌላ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ቤዝ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመር ፒኤቹ ይወጣል። ወደ 8 ሲጠጋ ያ ነጭ ነገር እየሳሳ ይሄድና ብርጭቆው ወለል ብሎ ይጠራል። ፒኤቹ ሲወጣ ሞለኪውሉ ተጨማሪ ሃይድሮጅኖቹን ይለቃል፣ ቻርጁ ይጨምራል፣ ውሃም ይቀበለዋል። እዚህ ላይ «ሟሟ፣ ከዚያ ፒኤች አስተካክል» የሚለው የተለመደ ቅደም ተከተል አይሠራም። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነገር ሕይወት የዘራልኝ። እውነቴን ነው፣ አሁንም ሲጠራ ማየት ደስ ይለኛል።

ትሪስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፒኤቹ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.03 ገደማ፣ ሙቀቱ ሲወርድ ፒኤቹ ይወጣል። በ25 ዲግሪ 8.0 ያደረጋችሁት ባፈር ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ 8.6 ገደማ ይደርሳል። ትሪሱ ላይ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትጨምሩም ሶሉሽኑ ይሞቃል። በሙቀቱ ላይ እያለ ፒኤቹን አስተካክሎ መጨረስ ጥሩ አይደለም። ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል። መጠበቅም ሥራ ነው። አሲድ ካነሳን አይቀር፣ ጠንካራ አሲድ ሁልጊዜ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። በተለይ ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ከፍተኛ ሙቀት ይለቃል። ከላይ የፈሰሰው ጥቂት ውሃ በቅጽበት ፈልቶ አሲዱን ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። መነጽርና ጓንት ማድረግ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

ቀጥሎ ማምከን፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ጀርም ሁሉ መግደል፣ ነው። ኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን ማሽን) በ121 ዲግሪ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ። የጠርሙሱ ክዳን ላላ ይላል፣ ጠርሙሱም እስከ አፉ አይሞላም። ትልቅ ጠርሙስ ከሆነ ሙቀቱ መሃሉ ድረስ እስኪደርስ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ዋናው ጥያቄ ግን ምን ይገባል፣ ምን አይገባም የሚለው ነው። ግሉኮስ ከአሚኖ አሲዶች ጋር አብሮ ሲሞቅ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ለብቻው ይመከናል። ካልሲየምና ፎስፌት አብረው ሲሞቁ ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ። ኤም9 የሚባለው ሚዲያ በክፍል በክፍል የሚዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ካልሲየሙና ማግኒዝየሙ ለየብቻ ይመከናሉ፣ የሚጨመሩትም መጨረሻ ላይ ነው። የምንፈልገው ባክቴሪያ ብቻ እንዲያድግ የሚጨመረውን አንቲባዮቲክ፣ አምፒሲሊንን፣ ሙቀት ያበላሸዋል። እሱ ባክቴሪያን በሚያስቀር በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያልፋል።

አምፒሲሊኑ መቼ ይጨመር? አጋርን ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። አጋር የሚቀልጠው 85 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከቀለጠ በኋላ ግን እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። መሃል ላይ ሰፊ ቦታ ተወልን ማለት ነው። ከኦቶክሌቭ የወጣውን ጠርሙስ ወደ 50 ወይም 55 ዲግሪ እስኪወርድ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነው ስቶክ (ቀድሞ የተዘጋጀ የተጠናከረ ሶሉሽን) 1 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ሚዲያ ትጨምራላችሁ። 1000 ጊዜ ቀጥኖ 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል። አረፋ እንዳይፈጠር ቀስ ብላችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ሳይረጋ ፕሌት (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ ታፈሱታላችሁ።

ስለ አጋር ካወራሁ ፋኒ ሄሰን ሳላነሳ አላልፍም። ባለቤቷ ዋልተር ሄሰ እ.ኤ.አ. በ1881 በጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ በሮበርት ኮክ ላብ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ሚዲያ ለማጠንከር የሚጠቀሙት ጄላቲን ነው። ጄላቲን ሲሞቅ ይቀልጣል። አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ይበሉታል። 37 ዲግሪ ላይ የሰውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነበር። ፋኒ አጋርን ታውቀው ነበር፤ ጄሊ ለመሥራት ትጠቀምበታለች። «ይህን ሞክሩ» ያለችው እሷ ናት። ኮክ በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ባሳተመው ጽሑፍ አጋርን ጠቅሷል። የእሷን ስም ግን አልጠቀሰም። የፔትሪ ዲሽ፣ የዚያ የፕሌቱ፣ ስም ከ1887 ጀምሮ በየቀኑ ይጠራል፤ ውስጡ ያለውን ነገር ያመጣችው ሴት ስም ግን ስንቶቻችን ጋር አለ? እኔ ፕሌት ማፍሰስ ለሚማር ሰው ሁሉ ስሟን እነግራለሁ። ከ140 ዓመት በላይ በእያንዳንዱ ላብ ውስጥ ያለ ሐሳብ ነው ያዋጣችው።

አሁን አዲስ ቀመር ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገው ደብተሬ ላይ በሰፋ ክፍተት መገልበጥ ነው። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ምክንያቱን እጽፋለሁ። ምክንያቱን ካላወቅኩ ባዶ እተወዋለሁ፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ሞክሩት። መጠየቅ አያሳፍርም። ጥሩ ላብ ውስጥ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ጠርሙሱ ላይ የምትጽፉትንም አሟሉት። ስሙን፣ ኮንሰንትሬሽኑን (ምን ያህል የተጠናከረ እንደሆነ)፣ ቀኑን፣ የሠራውን ሰው። ፒኤቹን ስትጽፉ የተለካበትን ሙቀት ጨምሩበት፤ «8.0፣ በ25 ዲግሪ» ብላችሁ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። የኦቶክሌቭ ቴፕ ላይ የሚወጡት ጥቁር መስመሮች የሚነግሯችሁ ጠርሙሱ ለሙቀቱ መጋለጡን ብቻ ነው። ውስጡ መምከኑን አያረጋግጡም። ስለዚህ አዲስ ሚዲያ ስትሠሩ ምንም ያልተዘራበት አንድ ፕሌት ኢንኩቤተር (ሙቀቱን ጠብቆ ባክቴሪያ የሚያሳድግ ሳጥን) ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ላይ ምንም ካልበቀለበት ሥራችሁን መጀመር ትችላላችሁ።

ለዛሬ ይህን ያህል ነው። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በቸር እንገናኝ።