ዊንዶውስ 11 ከመጫናችሁ በፊት ፎንታችሁን አውጡ

(ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ በኮፒ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቆየ ዴስክቶፕ)

በቡሬም፣ በቢቸናም፣ በፍኖተ ሰላምም ክስ፣ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትጽፉ የኮፒ ቤት ባለሙያዎች ነው ይህ ቪዲዮ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ለተራዘመው የደኅንነት ድጋፍ (ኢኤስዩ) ካልተመዘገበ ግን አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ አይደፈንለትም። ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ለሚሰካበት ማሽን ይህ ከባድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብታችሁ ፕሮሰሰሩን እዩ። አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ 8250 ካለ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ ለዊንዶውስ 11 ያልፋል። 7200 ካለ 7ኛ ነው፣ አያልፍም። ያልፋል የተባለውም ላይ መጫኛው «ቲፒኤም 2.0 የለም» ሊላችሁ ይችላል፤ ቲፒኤም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ነው፤ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ፣ ክፈቱት። እዚያው ያለውን የማስነሻ ዘዴ ግን ከድሮው ሌጋሲ ወደ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። ዲስኩ በድሮው የአከፋፈል ዘዴ፣ በኤምቢአር ከሆነ ዊንዶውሱ አይነሳም። አስቀድሞ ወደ አዲሱ ዘዴ፣ ወደ ጂፒቲ ይለወጥ፤ ፋይል ሳያጠፋ የሚለውጥ «ኤምቢአር2ጂፒቲ» የሚባል ትዕዛዝ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ።

(ምስል፦ በተዘበራረቀ የላቲን ምልክት የተከፈተ ውል)

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ብዙ ፋይሎች ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አሠራር) አይደሉም። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ምልክት ነው፤ «ሀ»ን «ሀ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎርማት ስታደርጉ ፎንቱ ይሄዳል፣ ውሉም እንደምታዩት ሆኖ ይከፈታል። አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱ ሲመለስ ፊደሉም ይመለሳል። ስለዚህ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» ፎልደር ሙሉውን ገልብጡ፤ ዴስክቶፕና ዶክመንትስንም ጨምሩ።

ኒያላ የሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ግን ዩኒኮድ ስለሆነ በእሱ የተጻፈው ይነበባል። ፎንቱ ከሌለ ግን ወርድ በሌላ ይተካዋል፣ የገጹ ልክም ይዛነፋል፤ ማውጫ ላለው የመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ብዙ ሥራ ያበላሻል። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 ከገባ በኋላ ሴቲንግ ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕሊሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ጫኑ።

የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ፓኬጅ ለየማሽኑ ከምታወርዱ፣ ዋይፋይ ባለበት በማይክሮሶፍት የመጫኛ ማዘጋጃ፣ በሚዲያ ክሪኤሽን ቱል 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አንድ ጊዜ አዘጋጁትና ለሁሉም ይሁን። የገበያ ቀን አትጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ አይነካ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይሞክራልና ደጋግማችሁ አታጥፉት።

ፎርማት ሳታደርጉ ከላይ የጫናችሁ፣ ካልተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ከ«ሪከቨሪ» ወደ 10 መመለስ ትችላላችሁ። እስከዚያው የቀድሞው ዊንዶውስ የተቀመጠበትን «ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር አታጥፉ።

ፎርማት የምታደርጉ ደግሞ መጀመሪያ የገለበጣችሁትን ፎንት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ አንድ የቆየ ውል ክፈቱ። ፊደሉ ተስተካክሎ ከተነበበ፣ ያኔ ፎርማት አድርጉ።