ዛሬ ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አልዛይመር፣ የመርሳት በሽታ ስለሚያመጣው ሕመም፣ የደም ምርመራ ነው የማወራው። ከደሙ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለች፤ "ዛሬ ማን ነው?" መንዝ ወይም አንኮበር ያሉ እናት ዓመተ ምሕረቱን ላይዙት ይችላሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም መሆኑን ግን አይስቱም። ለማስታወስ ፈተና ብሎ ፊደል ያልቆጠረን ሰው ሰዓት እንዲስል መጠየቅም ከንቱ ነው፣ እርሳስ አለመልመዱ እንደ መርሳት ይቆጠርበታል። ማኅበር የሚጠጡት እናት ተራቸው መድረሱን ከዘነጉ፣ ጠላ ሲጠምቁ ጌሾውን መጨመራቸውን ረስተው ከደገሙት፣ "እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል" ተብሎ አይታለፍ።

ቀድሞ የሚታየው ሊታከም የሚችለው የመርሳት ምክንያት ነው፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ድብርት። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድኃኒትም አዛውንትን ያፈዛል። የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።

አሁን ወደ ደሙ። በአልዛይመር አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን ከአንጎል ሴሎች ውጭ ይጋገራል፣ ታው ደግሞ ውስጣቸው ይተበተባል። አሚሎይዱ መከማቸት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ 20 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ይህን ለማወቅ ድሮ የግድ ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ መቅዳት ወይም ፔት ስካን የሚባለው የአንጎል ምስል ያስፈልግ ነበር። አሁን ደም ውስጥ የሚለካው፣ ከታው ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፒ-ታው 217 አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ይህን ከአሚሎይድ ጋር የሚያነጻጽር ምርመራ ፈቀደ፤ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ምልክትም ለታየባቸው ሰዎች ብቻ። ምንም የማይሰማው የታማሚ ልጅ "እኔንም ዕዩኝ" ቢል አይመከርም።

ብዙው ስሕተት የሚሠራው ማሽኑ ጋ ሳይደረስ ነው። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል፤ ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይለያል፤ ከዚያ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል። ብርጭቆ ከሆነ አሚሎይዱ ግድግዳው ላይ ይጣበቅና ልኬቱ ዝቅ ይላል። በታማሚና በጤነኛ መካከል ያለው የአሚሎይድ ልዩነት ደም ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ፕላዝማው ሳይለይ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሲንገላታ የዋለ ደም ይህችን ልዩነት ያጠፋታል። ፒ-ታው 217 ግን በእጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚጨምር ይታገሣል። እኔ የምወድለት ይህን ነው። ኩላሊት ሲደክም ግን እሱም ከፍ ይላል፤ የኩላሊት ምርመራው ክሬያቲኒን ሳይታይ ውጤቱ አይነበብ።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ አሚሎይዱን ከአንጎል የሚጠርገው ሌካኔማብ በየሁለት ሳምንቱ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም፣ በደም ሥር ይሰጣል። በ18 ወር ጥናት መድከሙን በ27 በመቶ አዘገየ እንጂ የጠፋውን አልመለሰም። አንጎል ሊያብጥ ወይም ሊደማ ስለሚችል ኤምአርአይ እየተደጋገመ ይነሣል። ኤምአርአይ በቅርብ ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ዶኔፔዚል የሚባለው የሚዋጥ የመርሳት መድኃኒት ቀላል ነው፤ ማታ 5 ሚሊግራም፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ 10። ከመጀመሩ በፊት የልብ ምት ይቆጠር። መድኃኒቱ ምቱን ከቀነሰው እናትየው ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ይችላሉ፤ ከውድቀቱ የተነሣ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀመው ደምም ከሳምንታት በኋላ ልክ እንደ መርሳት ሆኖ ሊመጣ ይችላል።