በጉ ከመገዛቱ በፊት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሰቆጣ አካባቢ የደወሉ እናት፦ በብድር አራት በግ ገዝቼ ነበር። ሐምሌ ላይ እህል አለቀብንና ሦስቱን ሸጥኳቸው። ዕዳው ግን እንዳለ ነው። ምን ባደርግ ይሻል ነበር?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጁ እየራበው በግ አስሮ የሚቀመጥ ወላጅ የለም። እኔ የምቆጨው በብድሩ አሰጣጥ ነው። ለበጉ ገንዘብ ተሰጠ፤ በጉ እስኪደርስ ቤተሰቡ ምን ይብላ? ይህን ማንም አልጠየቀዎትም። ሐምሌ ደግሞ ሁሉም ጎረቤት የሚሸጥበት ወር ነው፤ ዋጋው ይወድቃል።

ይህን ችግር ቀድሞ የተረዳው የባንግላዲሹ ብራክ የተባለ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እጅግ ድሃ ለሆኑ ሴቶች እንስሳ መስጠት ሲጀምር፣ ለተወሰኑ ወራት የቀለብ ድጎማ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና ቤት ድረስ እየመጣ የሚከታተል ባለሙያ ጨመረበት። ይኸው አሠራር የእኛን አገር ጨምሮ (እኛ ጋ በትግራይ) በስድስት አገሮች ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም በአብዛኞቹ አገሮች ቤተሰቦቹ ድጋፉን ካላገኙት የተሻለ ይበሉ ነበር።

አሁን ምን ያድርጉ? የመክፈያው ቀን ሳይደርስ አበዳሪዎ ዘንድ ሄደው ጊዜ እንዲያራዝሙልዎ ይጠይቁ። ቀኑ ካለፈ በኋላ መለመን ይከብዳል። የቀረችዎትን በግ አይንኳት። ሌላ ጊዜ ሲገዙ ሁዳዴ እንደገባ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ የከሳ ወጠጤ በግ ይፈልጉ። የባቄላና የአተር ገለባ፣ ከተገኘም ፉርሽካ እየጨመሩ ለፋሲካ ያድርሱት። ከትርፉ መጀመሪያ የክረምቱን እህል ይግዙ። ሁለተኛው በግ ከዚያ በኋላ ነው።

ከአዳማ የደወለ ወጣት፦ ሁለት መቶ ዶሮ ይዤ የእንቁላል ሥራ ልጀምር ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ ያዋጣል፣ ግን በሃምሳ ጀምር። ቅድም ካልኳቸው ስድስት አገሮች ሆንዱራስ አንዷ ነበረች። እዚያ ለብዙዎቹ የተሰጠው ዶሮ ነበር፤ በሽታ ገብቶ ብዙ ዶሮዎች አለቁና ቤተሰቦቹ ያሰቡትን አላገኙም። የእኛ አገሩ ፈንግልም በጥቂት ቀን ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ከባድ አይደለም። ችግሩ በወቅቱ መድረሱ ላይ ነው። ስለዚህ ጫጩት ከማዘዝህ በፊት የወረዳህን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአካል አግኘው፤ መቼ መቼ እንደሚከትብልህ ተነጋገሩ። እጅህ ገና ከሆነ የአንድ ቀን ጫጩት ትተህ የ45 ቀኑን ግዛ። በሁዳዴ 55 ቀናት እንቁላል ገዢ ይቀንሳል፣ ዶሮዎቹ ግን መብላታቸውን አያቆሙም። የዚያን ጊዜ የመኖ ብር ከወዲሁ ለይተህ አስቀምጥ።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አድማጭ፦ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለምግብ እጥረት ለተጋለጡ ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሰውን ሥራ አያስፈታም ወይ?

መልስ፦ አይመስለኝም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፈ አቅም ያለው ሰው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ነው ክፍያውን የሚያገኘው። ያለ ሥራ የሚረዱት እንደ አረጋውያንና ሕሙማን ያሉ መሥራት የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ደግሞ ዓላማው ቤተሰቡ በሬውን እንዳይሸጥ ማድረግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ክፍያው ሲዘገይ ያው በሬ ይሸጣል።

ከዋሽንግተን የደወሉ እህት፦ ለገጠር ዘመዶቼ በየበዓሉ ብር እልካለሁ። ኑሯቸው ግን አልተለወጠም። ምን ልላክላቸው?

መልስ፦ የበዓሉን አይተዉ፣ ደስታ ነው። ከዚያ ውጭ ግን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጯቸውን ይክፈሉላቸው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ዛሬ ብዙ ቦታ ደርሷል። መዋጮው በዓመት አንዴ ለመላው ቤተሰብ የሚከፈል ነው። ሰው ሲታመም ላሟ ተሽጣ ሕክምና የተሄደበት ቤት ስንት አለ መሰለዎት! ላም ገዝተው ከመላክዎ በፊት ያለችው እንዳትሸጥ ያድርጉ። ምዝገባው በየወረዳው የራሱ ወቅት ስላለው፣ ዘመዶችዎ ቀበሌ ጠይቀው ቀኑን ይንገሩዎት።