የኩላሊት ሕመምተኛ አጥንት ለምን አልገጥም ይላል?

[ምስል፦ የዳሌ ራጅ። በጭን አጥንቱ አንገት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል]

ይህችን መስመር አያችኋት? ስብራት ናት። ኩላሊቱ ለዓመታት ሲደክም በቆየ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ስብራት ትልቅ አደጋ አይፈልግም። ከአልጋ ሲነሱ መደናቀፍ ይበቃዋል። በ2000 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ዳሌያቸው የሚሰበረው ከሌላው ሕዝብ አራት እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። (በዚህ ቪዲዮ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ሲሰበር ቤተሰብ የሚለው የታወቀ ነው። «ካልሲየም አንሶህ ነው፣ ወተት ጠጣ፣ ቅልጥም ብላ።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ ግን ሊጎዳው ይችላል። ወተት ውስጥ ፎስፌት የሚባል ማዕድን በብዛት አለ፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ፎስፌትን ማስወጣት ያቅተዋል። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህን ነው፦ አጥንት ብቻውን አይጠገንም። ኩላሊት የጥገናው ዋና ባለሙያ ነው።

[ምስል፦ ኩላሊትና አጥንት፣ በመካከላቸው የሚመላለሱ ቀስቶች]

ከቫይታሚን ዲ እንጀምር። ፀሐይ ሞቀን ወይም እንክብል ውጠን የምናገኘው ቫይታሚን ዲ ገና ሥራ አልጀመረም። በ1970 ፍሬዘር እና ኮዲቼክ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኩላሊታቸው የወጣ አይጦችን መረመሩ። አይጦቹ ቫይታሚኑን ወደሚሠራው ቅርጽ መለወጥ አልቻሉም። ለውጡ የሚካሄደው ኩላሊት ውስጥ ነው ማለት ነው። ኩላሊት ሲደክም ይህ ንቁ ቫይታሚን ዲ ያንሳል፤ ያለ እሱ ደግሞ አንጀት ከምግብ ካልሲየም መሳብ ያቅተዋል።

ንቁው ቫይታሚን ዲ ከኩላሊት የሚነሳ መልእክት ነው እንበል፤ ሁለተኛው መልእክት የሚነሳው ከአጥንት ነው። በ2000 ኤፍ ጂ ኤፍ 23 የተባለ ሆርሞን ተለየ። አጥንት ያመርተዋል፤ ወደ ኩላሊት ሄዶ «ፎስፌት አስወጣ» ይለዋል። መልእክቱን ለመቀበል ኩላሊት ክሎቶ የሚባል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ክሎቶን በ1997 ያገኙት የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው፤ ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች በፍጥነት ሲያረጁ አይተው። ኩላሊት ሲታመም ክሎቶ ይቀንሳል። አጥንት መልስ ሲያጣ ሆርሞኑን አብዝቶ ይልካል። ይህ የሚሆነው ገና በጊዜ ነው፣ በደም ምርመራ ፎስፌት ከፍ ብሎ ከመታየቱ በፊት። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ የቀረውን ንቁ ቫይታሚን ዲ ይባስ ያወርደዋል።

አሁን አንገት ላይ እንሂድ። ከታይሮይድ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው የደም ካልሲየምን መጠበቅ ነው። ካልሲየም ሲወርድ ፒ ቲ ኤች የሚባል ሆርሞን ያፈስሳሉ። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው የተቀመጠው አጥንት ውስጥ ስለሆነ፣ አጥንት ጎተራቸው ነው። ከጎተራው እየዛቁ ደሙን ይሞላሉ። ለአንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደል። ለዓመታት ሲሆን የአጥንቱ ጠንካራ ቅርፊት እየተቦረቦረ ይሄዳል።

[ምስል፦ የስብራት ጥገና ደረጃዎች]

እንግዲህ በዚህ መሐል አጥንት ተሰበረ እንበል። ጤነኛ ሰው ላይ መጀመሪያ ደም ይረጋል። ቀጥሎ ለስላሳ ልም አጥንት ክፍተቱን ይሞላል። ከዚያ ካልሲየምና ፎስፌት ገብተው ያጠነክሩታል። በመጨረሻ አፍራሽና ገንቢ ሴሎች ተባብረው ቅርጹን ያስተካክሉታል፤ ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ኩላሊት የሌለበት ደረጃ ፈልጉ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። ማጠንከሪያው ማዕድን በኩላሊት ቁጥጥር ሥር ነው። የአፍራሽና የገንቢ ሴሎች ሚዛንም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኩላሊት ሕመምተኛ አጥንት በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሊበላሽ ይችላል። አንዱ ላይ ፒ ቲ ኤች በዝቶ አጥንቱ ሳያርፍ ይፈርሳል፣ ይገነባል። ሌላው ላይ አጥንቱ ጭራሽ ይተኛል፤ አይፈርስም፣ አይገነባምም። ራጅ ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

[ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የታየ አጥንት፣ ሁለት ቢጫ መስመሮች]

ታዲያ እንዴት ይለያሉ? ዘዴው እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ቴትራሳይክሊንን ታውቁታላችሁ፤ ቅባቱ ለትራኮማ የሚሰጠው። ይህ መድኃኒት ሲዋጥ አዲስ እየተሠራ ባለ አጥንት ላይ ይጣበቃል። ሕመምተኛው ለጥቂት ቀናት ይወስደዋል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ያርፋል፤ ከዚያ ይደግመዋል። ከቀናት በኋላ ከዳሌው አጥንት ጠርዝ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት ሁለት ቢጫ መስመሮች ያበራሉ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ስፋት አጥንቱ በእነዚያ ሳምንታት የሠራው ሥራ ነው። መስመሮቹ ከሌሉ ወይም ብርቅ ከሆኑ አጥንቱ ተኝቷል። ምርመራው ያማል፣ ባለሙያም ይፈልጋል፤ ስለዚህ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ይሠራል። አብዛኛው ሐኪም በደም ምርመራ ይገምታል።

አጥንትን የሚያበላሸው ኩላሊት የሚሠራው ሲጎድል ብቻ አይደለም። ማስወጣት ያቃተውም ያበላሻል። በ1970ዎቹ በእንግሊዝ ኒውካስል የእጥበት ሕመምተኞች አጥንት እየለሰለሰ ይሰበር ጀመር። በ1978 ተመራማሪዎች ጣታቸውን ወደ ውኃው ጠቆሙ። ጥፋተኛው ውኃው ውስጥ ያለ አሉሚኒየም ነበር። የአንድ ቀን እጥበት 120 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይጠቀማል። ውኃው ውስጥ ያለች ጥቂት ነገር በዚያ መጠን ስትባዛ አስቡት። ዛሬ የእጥበት ውኃ በጥብቅ የሚጣራው ከዚህ ዓይነት ታሪክ የተነሳ ነው።

የእኛም ሀገር ውኃ የራሱ ጉዳይ አለው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ አጥንትን የሚያደርቅ ፍሎሮሲስ ተመዝግቧል። ፍሎራይድን ከሰውነት የሚያስወጣው ደግሞ ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚጠጣውን ውኃ ምንጭ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

[ምስል፦ የላቦራቶሪ አይጥ፣ ከጎኑ የኩላሊት ሥዕል]

የተኛ አጥንትን መቀስቀስ ይቻላል? በ1965 ማርሻል ዩሪስት የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ማዕድኑ የወጣለትን አጥንት በእንስሳ ጡንቻ ውስጥ ቀበረ። ጡንቻው ውስጥ አዲስ አጥንት በቀለ! ከዚያ ሥራ ቢ ኤም ፒ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተገኙ። ከእነሱ አንዱ፣ ቢ ኤም ፒ 7፣ በ1995 አስገራሚ ነገር አሳየ። ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች ሲወለዱ ኩላሊታቸው በአግባቡ አልተሠራም፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አጥንት የሚያበቅለው ፕሮቲን ኩላሊትንም የሚሠራ ሆኖ ተገኘ።

በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ኩላሊታቸው ለታመመ አይጦች ሰጡ። የተኛው አጥንት መገንባት ጀመረ። ከደም ፎስፌት እየሳበ መጠቀም ስለጀመረ የደሙም መጠን ወረደ። ለእኔ ከሁሉ የሚያጓጓው ይህ ውጤት ነው። ግን አይጥ ላይ ነው። በሰው ላይ ቢ ኤም ፒ 7 በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው አልገጥም ላለ ረጅም አጥንት ብቻ ነበር፤ ያውም በቀዶ ሕክምና ስብራቱ ላይ እንዲቀመጥ።

እስከዚያው ያለው ሕክምና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዴኖሱማብ የሚባለው የአጥንት መርፌ አፍራሽ ሴሎችን ያስቆማል። በ2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከባዱን ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። እጥበት ላይ ባሉ አረጋውያን ሴቶች በተደረገ ጥናት፣ መርፌውን ከወሰዱት 41 በመቶ ያህሉ በ12 ሳምንት ውስጥ ካልሲየማቸው በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ ነበር። በአፍ የሚዋጠውን ሌላ የአጥንት መድኃኒት ከወሰዱት ግን 2 በመቶው ብቻ።

ስለዚህ ኩላሊት ያመመው ቤተሰብ ካላችሁና አጥንቱ ከተሰበረ፣ ጀሶ ለሚያስረው ሐኪም ስለ ኩላሊቱ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። የአጥንት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ ፒ ቲ ኤች እና ቫይታሚን ዲ ይለካ እንደሆነ ጠይቁ። ለሕመሙ ብላችሁ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ አትስጡት። የቀረውን ኩላሊት ይጎዱበታል። ለኩላሊቱ የማይከብድ ማስታገሻ ሐኪሙ ራሱ ይምረጥለት።