«ታድላችሁ»

ሰላም፣ ሰላም። ድምፄ ካስተጋባ ታገሱኝ። መብራት ሄዷል፣ በስልክ ነው የምቀዳው። የጎረቤቴን ዶሮ የምትጠይቁኝ ደግሞ፣ አለ። ፋሲካንም አለፈ።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ተዉት። አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ቼልሲ የምንለው የቤታችን ልጅ ታሞ እንደነበር ታውቃላችሁ። አሁን ደህና ነው፣ እንደ ድሮው ዳኛ ይሳደባል። ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ወዲህ ትኩሳቱ ይነሳል፣ ይተዋል። ሰውነቱ እያለቀ ሆዱ ብቻ ይነፋል። ካርዱን ብታዩት! ወባ። ታይፎይድና ታይፈስ። ወባ። እንደገና ታይፎይድና ታይፈስ። በዚህ አገር እነዚህ ሁለቱ ያልተገኙበት ሰው ካለ እስኪ እጁን ያውጣ። የታይፎይዱ ምርመራ፣ ዊዳል የሚሉት፣ ድሮ ይዞ የለቀቀንም ሌላ ኢንፌክሽንንም «አለ» ሊል ይችላል። እኔንም አንዴ... አይ፣ እሱ ረጅም ነው።

ብቻ ጎንደር ወሰድነው። አንድ ወጣት ሐኪም አስተኛውና ሆዱን በቀስታ ዳበሰ። ጣፊያው የሚያልቅበት ቦታ ላይ በእስክሪቢቶ አሰመረ። ከጎድኑ ጀምሮ በሜትር ለካ። ከዚያ ካርዱን ሳያይ፣ «አምና የት ነበርክ?» አለው።

«መተማ።»

«ማታ የት ትተኛለህ?»

«ውጪ ነዋ፣ ግራሩ ስር።»

በቃ። ያን ሁሉ ጊዜ የት ትተኛለህ ያለው ሰው አልነበረም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግን እዚያው ናት፤ በዋልካው ስንጥቅ፣ በኩይሳው፣ በግራሩ አካባቢ። የምትናከሰውም ማታ ማታ ነው። ደገኛው ለአጨዳ ወርዶ ሜዳ ላይ ይተኛላታል።

ጣቱን ወግተው አንድ ጠብታ ደም ወሰዱ። የእርግዝና መመርመሪያ የሚመስል ነገር ላይ አደረጉት። ቆየን። ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ካላዛር።

አክስቴ «እሰይ! ተመስገን ጌታዬ!» ብላ የሐኪሙን ትከሻ ሳመች። እኔም፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ መዝለል ነው የቀረኝ። ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው እኮ! እኛ ግን ልጅ እንደተወለደለት ሰው ሆነን ወጣን።

በረንዳው ላይ አንዲት እናት ልጇን አስደግፋ ተቀምጣለች። ልጁ እንደኛው ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ የቀጠነ። «የእናንተስ ምን ተባለ?» አለች።

«ታወቀ» አለች አክስቴ።

ሴትየዋ ልጇን አየችው። ከዚያ እኛን። «ታድላችሁ» አለች። የነሱ መስመር አንድ ብቻ ነው የወጣው።

«ታድላችሁ።» በምሬት አይደለም ያለችው። በምሬት ብትለው ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ሰው ለሎተሪ የሚለውን ነው ያለችን። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እኔ ስልኬን አወጣሁ። ማንም ያልደወለበት ስልክ።

ኋላ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ያ ምርመራ ህንድ ውስጥ በጣም ይታመናል፣ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ግን የሚያመልጠው አለ አለኝ። አንድ መስመር ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጣፊያ ደግሞ ሊደማ ስለሚችል የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ያለበት ቦታ ስንት ነው? ያቺ እናት ይህን ሁሉ ማን ነገራት? ነግረዋት ይሆናል። አላውቅም።

ሊቦ ከምከምን፣ የደቡብ ጎንደሯን ወረዳ፣ ታስታውሳላችሁ? በሽታው እዚያ ይኖራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ሲባል ሲባል ብዙ ሰው አለቀ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። እና እዚያም «እሰይ» ያለ ሰው ነበር ማለት ነው? ሳይኖር አይቀርም።

የቼልሲን መርፌ ግን አታንሱብኝ። በቀን ሁለት ዓይነት፣ ለ17 ቀን። መቀመጥ አቅቶት ጨዋታ ቆሞ ነበር የሚያየው፣ ያውም ተሸንፈው! ሌላ ጉዳቱ ቀለል ያለ መድኃኒት አለ፣ ኤች አይ ቪ አብሮ ላለባቸው የሚሰጡት። እሱ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። መተማ ላይ! እስኪ ሳቁ።

አሁን ዘንድሮም እወርዳለሁ ይላል። አጎበር ግዛ አልኩት። ዝንቧ ትንሽ ስለሆነች በተራው አጎበር ቀዳዳ ልትገባ ትችላለች፣ ጠበቅ ያለውን ፈልግ። «እሺ፣ የት ልስቀለው?» አለኝ። ሜዳ ላይ። ምን ልበለው? አትሂድ ልበለው? ካልሄደ ደግሞ...

እና ያቺ ሴትዮ፣ እኔ የምለው፣ ደስ ማለታችን ልክ ነው፣ አይደል? ታወቀ፣ ታከመ፣ ዳነ። ምን ሊባል ነው? ግን ሲያዩን እኮ... ቆይ፣ ባትሪው ሊዘጋብኝ ነው። ስለ ኪራዩ በሚቀጥለው እናወራለን፣ ካላስወጡኝ።