በሩን የምትከፍተው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው ሴቶች በተከታታይ ድራማዎቻችንና በልብ ወለዶቻችን ውስጥ እንዴት ይሳላሉ የሚለውን ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ በአንዲት ሴት ላይ ብቻ እቆያለሁ። ደወሉ ሲጮህ በሩን የምትከፍተው፣ ውሃ በትሪ ይዛ የምትገባው፣ «እትዬ፣ እንግዳ መጥተዋል» ብላ የምትወጣው ልጅ። የቤት ሠራተኛዋ።

እሷን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ታሪኩ ቪላ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ድራማ ያለ እሷ አይቆምም። ሚስትየዋ ውጭ አገር ትሄዳለች፣ ባልየው ይታሰራል፣ ልጃቸው ይጠፋል፤ እሷ ግን ከቤቱ አትጠፋም። ይህን ያህል ታይታ ታዲያ በመጨረሻ የተዋንያን ስም ሲወርድ ከተዋናይቷ ስም አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ሠራተኛ» የሚል ብቻ ነው። በዋናዋ ባለታሪክ ላይ ደራሲ ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ተመልካች ይከራከርባታላ። ማንም አይከራከርላትም ብሎ በሚያስባት ሴት ላይ የሚጽፈው ግን ስለ ሴት ያለውን እውነተኛ አመለካከት ያወጣበታል።

አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክደል በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣችው፣ ዛሬ በስሟ የሚጠራ መለኪያ አለ። ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች አሉ? እርስ በርስ ይነጋገራሉ? የሚነጋገሩትስ ከወንድ ሌላ ስለሆነ ነገር ነው? ይህን የእኛ ድራማ ላይ ብታደርጉት ማለፍ በጣም ቀላል ነው። የምታሳልፈው ደግሞ ሠራተኛዋ ናት። እትዬ «ሽንኩርቱን ከተፍሽው?» ትላለች፤ ልጅቷ «አዎ እትዬ» ትላለች። ሁለት ሴቶች ተነጋገሩ፣ ወንድ አልተነሳም፣ ድራማው አለፈ። ስለ ልጅቷ ግን ምንም አላወቅንም።

ስለዚህ ለእኛ ቤት የሚሆን ሌላ አቆጣጠር ያስፈልጋል። አንድ ድራማ ምረጡና ተከታታይ ሦስት ክፍሎችን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እዩ። ከተናገረችው ውስጥ ስንቱ መልስ ነው፣ ስንቱስ እሷ ራሷ የጀመረችው? «እገሌ የት ሄደ?» ከሚለው ሌላ ጥያቄ የጠየቃት ሰው አለ? ሌሎቹ ከክፍሉ ወጥተው ካሜራው ከእሷ ጋር የቀረበት ጊዜ አለ? ደግሞ ተቀምጣ ታይታለች? ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ያጋልጣል። ሳሎን ውስጥ እንደማትቀመጥ ግልጽ ነው። ነገር ግን ማዕድ ቤት ዱካ ላይ፣ ሰርቪስ ቤት አልጋዋ ላይ፣ ደጃፍ ላይ እህል እየለቀመች እንኳ ካልተቀመጠች፣ ደራሲው ሥራ ከማቀበል ውጭ አላሰባትም ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው በክፋት አይመስለኝም። በአብዛኛው በአሠራር ነው። የግማሽ ሰዓት ክፍል በግምት ከ25 እስከ 30 ገጽ ስክሪፕት ይፈልጋል። ደራሲው በየሳምንቱ ያንን ሲያደርስ አንድ የማያቋርጥ ችግር አለበት፤ አንዱ ባለታሪክ የሚያውቀውን ምሥጢር ለሌላው ማድረስ። ቀላሉ መንገድ ሠራተኛዋ በር ጀርባ ቆማ እንድትሰማ ማድረግ ነው። ሰማች፣ ለእትዬ ነገረች፣ ታሪኩ ተራመደ። ስለዚህ ወሬ አቀባይ ትሆናለች። ወሬውን ለመንገር ወይም ላለመንገር ስትወስን ምን እንደምታጣ የሚጠይቅ የለም። ብትናገር ጋሼ ያባርሯታል፣ ዝም ብትል እትዬ ያባርሯታል። ሁለቱም መንገድ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ የሚያስቆም ነው፤ ከዚህ የበለጠ ድራማ ከየት ይመጣል? ይህንን አንድ ገጽ የሚጽፍለት ግን ጥቂት ነው።

ቀረጻውም የራሱ ጣጣ አለው። ቪላ ሲከራይ መብራቱ የሚተከለው ሳሎን ነው። ማዕድ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ካሜራ ማፈግፈጊያ የለውም፣ ዕቃው ይንኳኳል፣ ድምፅ ያበላሻል። ሰርቪስ ቤቱ ደግሞ የቀረጻ ቡድኑ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይውላል። በዚህ ምክንያት ልጅቷ የምትኖርበት ቦታ ሳይታይ ይቀራል። ዳይሬክተሩ ከመጀመሪያው ሰርቪሱን እንደ አንድ ሎኬሽን ቢይዘውና የሷን ትዕይንቶች ሰብስቦ በአንድ ግማሽ ቀን ቢቀርጽ፣ የተጨመረው ወጪ አንድ አምፖልና አንድ አልጋ ልብስ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሁለት ነገሮች በየድራማው ይደጋገማሉ፣ ሁለቱም ላይ ጠንከር ያለ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ስርቆት ነው። የእትዬ ሐብል ይጠፋል፣ ሠራተኛዋ ትጠረጠራለች፣ ሻንጣዋ ይበረበራል፣ ከሁለት ክፍል በኋላ ሐብሉን የወሰደው ልጃቸው ሆኖ ይገኛል። እናትና ልጅ ይላቀሳሉ። እሷስ? በሚቀጥለው ትዕይንት ቡና ታቀርባለች። እዚህ ጋ የጎደለው ነገር ብዙ ነው። ልጅቷ የመጣችው በደላላ ነው፤ ዋስ የሆነላት ዘመድ አለ፤ ክሱ ዋሱ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያም አገር ቤት። የወሩ ደመወዝ ተይዞባት ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሆነ ያ ሌሊት የት አደረች? ደራሲ ሆይ፣ ሠራተኛን በሌብነት ካስከሰስክ ያቺን ሌሊት የመጻፍ ዕዳ አለብህ። ካልሆነ ሐብሉን ድመት ያጥፋው።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። የቤቱ ልጅ ወይም ጋሼ ራሳቸው ልጅቷን ያስረግዛሉ፤ ትባረራለች፤ ከ20 ዓመት በኋላ የተወለደው ልጅ አባቱን ፍለጋ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ያለቅሳሉ፣ «የወጣትነት ስህተት» ይላሉ፣ ሙዚቃው ያዝናል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን አንቀጽ 620 ላይ አስገድዶ መድፈር የተፈጸመው በጥገኝነቱ ወይም በቁጥጥሩ ሥር ባለች ሴት ላይ ሲሆን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል ይላል። ሕጉ ከባድ ወንጀል ያለውን ድራማው ለስላሳ ትዝታ ያደርገዋል። ማስተካከያው አስቸጋሪ አይደለም። እሷን ከ20ው ዓመት ውስጥ አታጥፏት። የት ወለደች? ሕፃን ታቅፋ ማን ቀጠራት? ልጁ ስለ አባቱ ሲጠይቃት ምን አለችው? አባትየው ይቅርታ ሲጠይቁ የሚጠይቁት ልጁን ብቻ ከሆነ ትዕይንቱ አላለቀም።

ስለ አነጋገሯ ደግሞ። አዲስ አበባ ያደገች ተዋናይት «ባላገር» ሁኚ ስትባል ከጎጃም ትንሽ፣ ከወሎ ትንሽ፣ ከሰሜን ሸዋ ትንሽ ቀላቅላ የትም የማይነገር አማርኛ ትፈጥራለች፤ ቃሉን ታጎብጠዋለች፣ ሳቅ ይጠበቃል። አገሩ ያለ ሰው ግን አይስቅም፣ ይከፋዋል። ደግሞም ብዙዎቹ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ፣ በከምባትኛ ወይም በሐዲይኛ ነው። የሚሠራው ዘዴ ይኼ ነው፤ አንድ ወረዳ ምረጡ፣ ከዚያ የመጣች ሴት ስታወራ ቅዱ፣ ተዋናይቷ ያንን ብቻ ታጥና። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ከተማ ሦስት ዓመት የኖረች ልጅ ሁለት አነጋገር አላት። ለእትዬ የምትመልስበትና ለእናቷ ስልክ የምትደውልበት። ስልኩን ዘግታ ወደ መጀመሪያው ስትመለስ ብናይ ያ ብቻውን ስለ ኑሮዋ ከአንድ ገጽ በላይ ይነግረናል።

ቡናውም እንዲሁ ባክኖ የሚቀር ነው። በድራማችን ቡና ጌጥ ነው፤ ረከቦት፣ ቄጠማ፣ ዕጣን፣ ፈገግ ያለች ልጅ። በእውነቱ ግን ማጠብ አለ፣ መቁላት አለ፣ መውቀጥ አለ፣ ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ሴት እዚያው ተቀምጣ ትሰማለች። አዎ፣ ተቀምጣ! ሳሎን ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የምትቀመጥበት ብቸኛ ጊዜ ነው። ለደራሲ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አቦል ላይ ቤተሰቡ ስለ ውርስ ማውራት ይጀምራል፣ ቶና ላይ ይጣላል፣ በረካ ላይ አንዱ ተነስቶ ይወጣል፤ ካሜራው ደግሞ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ ሲኒ በምትሞላው እጅ ላይ ይቆይ። ማን ሲናገር እጇ እንደቆመ ካየን አቋሟን አወቅን። አንድም ቃል አላወጣችም።

በልብ ወለድ ያለው ችግር ትንሽ ይለያል። እዚያ የመጀመሪያው አንቀጽ ነው የሚያበላሸው። ልጅቷ በር ስትከፍት ተራኪው ከዳሌዋ ይጀምራል፣ ወደ ደረቷ ይሄዳል፣ ዓይኗ ላይ ይጨርሳል፣ ስሟን ከሁለት ምዕራፍ በኋላ እንሰማለን። ያንን አንቀጽ ሰርዛችሁ እጇ ላይ ባለው ነገር ጀምሩ። ሊጥ ነው? የሕፃን ጠርሙስ ነው? ደብተር ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ፣ ሰዓትና ስሜት ይገባል።

ሠራተኛ ዋና ባለታሪክ መሆን ትችላለች ወይ ለሚል መልሱ ከሃምሳ ዓመት በፊት ተሰጥቷል። በ1969 እ.ኤ.አ. ፔሩ ውስጥ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ተጀመረ። ማሪያ ከገጠር ወደ ከተማ መጥታ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ልጅ ናት። ያስረገዛት ሰው ይከዳታል፤ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ ትማራለች፣ በሲንገር መኪና ልብስ መስፋት ትለምዳለች፣ በመጨረሻ የታወቀች የልብስ ነዳፊ ትሆናለች። ድራማው ሲታይ የሲንገር ሽያጭ ከፍ አለ፣ ወጣት ሴቶች ለስፌትና ለመሠረተ ትምህርት ተመዘገቡ። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ይህን አጥንቶ አስተማሪ ድራማ የሚጻፍበትን ዘዴ ቀመረ። የኛው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» በዚሁ ዘዴ ተሠርቶ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በ257 ክፍሎች ተላልፏል።

በሳቢዶ ዘዴ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። መልካሙ፣ መጥፎው፣ እና በሁለቱ መካከል እየዋለለ ቀስ በቀስ የሚለወጠው። ክብደቱ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው፤ አድማጭ አብሮት የሚሄደው እሱ ስለሆነ ነው። የእኛ ድራማ ሠራተኞች ግን ወይ መልአክ ናቸው ወይ ሌባ። መልአኳም ክብር የተሰጣት ትመስላለች፤ ሁሉን ትችላለች፣ ለእትዬ ትጸልያለች። ግን እሷም ሰው አልሆነችም። የራሷ ፍላጎት የላትም።

የማሪያ ምሥጢር የስፌት መኪናው ይመስለኛል። የምትፈልገው ነገር ይታያል፣ ዋጋ አለው፣ ሰዓት ይወስዳል። ለእኛዋ ልጅ ይህን የሚተካ ሞልቷል፤ ዕቁብ፣ የፀጉር ሥራ ሥልጠና፣ ፓስፖርት። እኔ የማታ ትምህርትን እመርጣለሁ። የማታ ክፍል የሚጀምረው የቤቱ እራት ከመቅረቡ በፊት ነው። የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለማትሸፈን የሥራ ሰዓቷን የሚወስንላት አሠሪዋ ነው። የማታ ክፍሉ ፈተና ቀን ማታ ደወሉ ይደወል። ለቤተሰቡ ደስታ ነው፤ የእትዬ እህት ከአሜሪካ መጣች። ልጅቷ ደብተሯን ቦርሳ ውስጥ ከታ በሩ ላይ ቆማለች። ያው በር፣ ያው «እትዬ፣ እንግዳ መጥተዋል»፤ አሁን ግን ስትለው ምን እንደምታጣ እናውቃለን።

ይህን የሚያዩት ደግሞ እነማን እንደሆኑ አስቡ። ድራማዎቹ ዩቲዩብ ላይ ይጫናሉ፤ ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ያሉ እህቶቻችን ማታ ሥራ ሲያበቃ በስልካቸው ይከፍቷቸዋል። ራሳቸው የሰው ቤት ውስጥ ሆነው፣ የሰው ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ ሲሳቅባት ያያሉ። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

መጻፍ ለምትፈልጉ አንድ የመጨረሻ ነገር። በዚህ ሥራ ላይ ያለች፣ ምክር የምትሰጣችሁ ሴት ፈልጉ፣ ስክሪፕቱን አንብቡላት። «ታሪክሽን ንገሪኝ» አትበሏት፤ ያ ለቅሶ ፍለጋ ነው። ስንት ሰዓት እንደምትነሳ፣ ሊጡን መቼ እንደምታቦካ፣ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ምሳዋን የት እንደምትበላ፣ ስትታመም ማን እንደሚያውቅ ጠይቋት። የዕረፍት ቀኗ ምናልባት በሁለት ሳምንት አንድ እሑድ ነው፤ ስለዚህ እናንተ ወዳለችበት ሂዱ፣ የሰዓቷንም ሂሳብ ንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት ክፈሏት።